ከጥሩነሽ የደበቅኩት ጭስ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ወረቀቱን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ደበቅኩት። ሦስቴ አወጣሁት፣ ሦስቴ መለስኩት። «የወንድ ዘር ቁጥር አነስተኛ፤ እንቅስቃሴው ደካማ» ይላል። ስሙ የእኔ ነው።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ጠበል ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በዚህ ውርጭ ሰባት ቀን ልትጠመቅ። የላከቻት እናቴ ናት። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ልጅ የለም፤ ለእናቴ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያጠያይቅም። እኔም «ሂጂ» አልኳት። ቅዳሜ ማለዳ አደረስኳትና ለማንም ሳልናገር ደብረ ብርሃን ሄጄ ተመረመርኩ።

«መምህር፣ ያጨሳሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ሲጋራ? በፍጹም።»

«ሲጋራ መች አልኩ?»

ማክሰኞ

ያለችኝን ልጻፍ፣ እንዳልረሳ።

ካናቢስ፣ ያ እኔ የማጨሰው ሐሺሽ፣ የወንዱን ዘር ቁጥርና ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ብላ ግን አትምልም።

ሴቷ ብታጨስ የእንቁላሏ ጊዜ ሊዛባ ይችላል።

ካረገዘች በደሟ አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። «እሷ ባታጨስም አጠገቧ እንዳያጨሱ።»

አዲስ ዘር እስኪበስል ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ትቼ እንድመለስ። ጥሩነሽም እንድትመረመር።

ቀኑን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩባትን ሐዋሳን ሳስብ ዋልኩ። ሐይቁ ዳር አራት ሆነን አንዲት ጥቅል እንቀባበላለን። ጊታር የሚመታው ልጅ ዜማው ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል። ጥሩነሽን ያወቅኳት እዚያ ነው። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «አንተ የመንዝ ልጅ፣ ቤት ሳይቃጠል ነው እንዴ የምትጨሰው?» አለችኝ። እንዴት ሳቅን! ከጭሱ ይልቅ ያን ሳቅ ነው መሰለኝ መተው ያቃተኝ። ሞላሌ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ከመጣሁ በኋላም ከድርቆሽ ክምሩ ጀርባ እየተደበቅኩ አጨሳለሁ። እሷ የተውኩ ይመስላታል።

ረቡዕ

ሄጄ ልንገራት ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ። አንዴ ክፍለ ጊዜ አለኝ አልኩ። ሁለተኛውን ሰበብ ለመጻፍ አፍራለሁ።

እናቴ ገብሱን እያበጠረች፦ «ያቺ ልጅ ዘንድሮም ባዶዋን ከቀረች እንግዲህ የምልህን ትሰማለህ።» የምትለውን አውቃለሁ። ቀየት በሚባል አገር ለሚስትነት ያየችልኝ ልጅ አለች።

አባቴ ናፈቀኝ። የጓሳ ሣር ምድር ጠባቂ ነበር። ሣሩ ሲሳሳ ሽማግሌዎቹ ጓሳን ለዓመታት ይዘጉታል፤ እሱ በፈረስ እየዞረ ይጠብቃል። የከሳ በግ ሲያይ በጉን አይቆጣም፤ ወርዶ ሣሩን ይዳስሳል። በሕይወት ቢኖር እነግረው ነበር? እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። እናቴ የግቢውን ጥራጊ ከምራ ለኮሰችው። የየቤቱ ጭስ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ፤ ከድርቆሹ ጀርባ የቀረችኝን አምጥቼ እሳቱ ውስጥ ጣልኳት። ሽታውን አላሰብኩም።

እናቴ ቀና አለች። «ምን ጨመርክበት?»

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል? የግቢዬን ቅጠል አጣሁት እንዴ?»

ነገርኳት። ወረቀቱንም አምጥቼ አነበብኩላት።

«ሐሺሽ? አስተማሪ ሆነህ?» አለች። ከዚያ፦ «ለማኅበርተኞቼ ስንቴ የሚስትህን ስም በክፉ እንዳነሣሁ ታውቃለህ? ለሷስ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

ውኃ አምጥታ እሳቱን አጠፋችው። የጎረቤቶቻችን እየነደደ ነበር።

ዓርብ

ጥሩነሽን ልቀበላት ሄድኩ። ከንፈሯ ከብርዱ ተሰነጣጥቋል። ቤት ሳንደርስ፣ መንገድ ላይ ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው።

«ከሐዋሳ ጀምሮ አልተውከውም?»

«አልተውኩትም። ትናንት ግን…»

«ይሄን መቼ ሰጡህ?»

«ቅዳሜ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለች።

መንገዷን ቀጠለች። ከቅዳሜ ወዲህ ሊነጋ ሲል ስንቴ ያ ውኃ እንደወረደባት በልቤ ቆጠርኩ።

ብዙ ከሄድን በኋላ፦ «ሰኞ ሁለታችንም ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። የኔንም ልወቀው። ካንተ ጋር መኖሬን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

የጠበል ጀሪካኗን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ግን ቆማ ጠበቀችኝ።