ደም የዕቃ ልጅ አይደለም

ለእትዬ፣ እኅትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንዴት ሰነባብተሻል? ወገብሽ ቀለል አለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? የጋሼ ሳልስ ለቀቃቸው? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? ከሁሉ በላይ የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? «የቀኙም መጋረድ ጀመረ» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳቤ ከእናንተ ቤት አልወጣም። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ማለት ድካምንም የሚጨምር ከሆነ፣ በጣም ደኅና ነኝ።

እትዬ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ። በወሩ መጨረሻ አልመጣም። እማዬ «ልጄ ሳይመጣ ዓይኔን ማንም አይነካኝም» ብላ የቀዶ ሕክምናዋን ቀጠሮ በእኔ መምጣት እንዳስያዘች አውቃለሁ። ስለዚህ የምቀርበትን ምክንያት ከሥሩ ካላስረዳሁሽ ትቀየሚኛለሽ። ትንሽ ታገሺኝ።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፍሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ሥዕል ነው። ባልደረቦቼ ፕሮግራም መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ነገሩ ሁሉ በሣጥንና በመስመር ይሣላል። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ያ ነገር ምን እንደሚያውቅና ምን ማድረግ እንደሚችል ይጻፋል። መስመሩ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይናገራል። አንዱ ሣጥን የሌላው ልጅ ሊሆንም ይችላል፤ ያን ጊዜ የወላጁን ጠባይ ይወርሳል። ይህን የሥዕል ቋንቋ የትም ያለ የሙያው ሰው ያነበዋል። ግን ለሁሉም የተሰፋ ልብስ ለማንም ልክ አይሆንምና፣ ለየሥራችን የራሳችንን ምልክት እንድንጨምርበት ይፈቅዳል። በሣጥኑ ራስ ላይ ቅጽል ስም እናወጣለታለን፤ ስሙን ተከትሎ ሕግ ይመጣል። ጎረቤታችንን «ቀስ በሉ» ብለን ስም ካወጣንላቸው ወዲህ ማንም በራቸውን ደብድቦ እንደማያውቅ ዓይነት ማለት ነው።

እኔ ስምንት ወር ሙሉ የለፋሁት ለአንድ ሆስፒታል የደም ማከማቻ ነው። ዋናው ቋንቋ ስለ ደም የሚያውቀው ነገር የለም። ደም እንደሚበላሽ፣ ዓይነቱ ካልገጠመ እንደሚገድል፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ተመልሶ እንደማይገባ የሚናገር ምልክት የለውም። እኔም አርባ አንድ ምልክት አወጣሁለት፤ በቀለም፣ በቅርጽ፣ በተቆራረጠ መስመር ሳይቀር። አለቃዬ አይቶ አጸደቀው። ባልደረቦቼ መጻፍ ጀመሩ። እኔም ትኬቴን ቆረጥኩ።

ከዚያ የደም ማከማቻው ኃላፊ ሥዕሉን ሊያዩ መጡ። ሠላሳ ዓመት በነርስነት የቆዩ፣ ከመቆም ብዛት እግራቸው የሚያብጥ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ፊት ቆሙ። «ይሄ ደም ነው?» አሉኝ። የደም ከረጢት ነው አልኳቸው። «ወደ ላይ የሚሄደው ቀስትስ?» ከረጢቱ የመጋዘን ዕቃ ልጅ ነው፣ የዕቃን ጠባይ ይወርሳል አልኳቸው። «ዕቃ ስትል እንደ ጓንት፣ እንደ መርፌ?» አዎ አልኩ። ጣታቸውን ቀስቱ ላይ አድርገው «ጓንት ተርፎ ሲመለስልኝ መደርደሪያ ላይ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደም ጓንት ነው እንዴ ልጄ?» አሉ።

እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የተቸለሰብኝ ያህል ክው አልኩ። አንዱ ምልክቴ «አይመለስም» ይላል፤ ከወላጁ የወረሰው ደግሞ «ይመለሳል» ይላል። ፕሮግራሙ የሚሰማው ወላጁን ነበር። በገዛ ምልክቶቼ ብዛት ተከልዬ ይህን እኔው ራሴ አላየሁትም።

ከጎኔ የሚቀመጠው፣ ሁሉም ነገር ስለሚቀለው «ግድየለም» የምንለው ባልደረባዬ «ማስታወሻ ለጥፍበትና ሂድ፤ ስትመለስ ታስተካክለዋለህ» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የእማዬን ነገር ስለነገርኩት ነው። ምሳ ሰዓት ዳቦዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አልዋሽሽም፣ ልሄድ ነበር። ልቤ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ግን ለጥፎ የሄደን ሰው ማስታወሻ ማን ያነባል? ሞቆ የተመለሰው ከረጢት የሚሰጣትም እኮ የአንድ ቤት እናት ናት።

ዳቦውን ሳልጨርስ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ስንት ሣጥን ይነካል?» አለኝ። ሃያ ሦስት አልኩት። «ዕረፍትህስ?» አለኝ። ይቅር አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የገነባሁትን ማፍረስ ሆኗል። ሲስተር ከተረኛነታቸው ሲወጡ ይመጣሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፤ እኔ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ። በአንድ ዕይታ ያልገባቸው ይወጣል። ለአንዲት ሐምራዊ ድርብ ቀስት ብዙ ተሟገትኩ፤ ሦስት ሳምንት የለፋሁባት ናት። «ቆንጆ ናት፤ ግን ምን እንደምትል አልነገረችኝም» ብለው አሰናበቷት። ከአርባ አንዱ ዘጠኝ ቀረ። አሥረኛውን ራሳቸው ጨመሩ፦ «ቁም» የሚል የተዘረጋ መዳፍ።

ደምን ከዕቃ ልጅነት አላቅቄ ለብቻው አቆምኩት። ባለፈው ማክሰኞ ባልደረቦቼ ሞከሩት። ከወጣ አርባ ደቂቃ የሆነውን ከረጢት ወደ ማቀዝቀዣ መልስ ብለው አዘዙ፤ መዳፉ ወጣና እምቢ አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ደስታ ስጠብቅ እንቅልፍ መጣብኝ። አንዱ ሣጥን ቀና፤ ሃያ ሁለት ይቀራል። ከአምስት ሳምንት በፊት መጨረሻው አይታየኝም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እማዬን አሳምኚልኝ። ሐኪሙ ጊዜ አትስጡት እንዳለ አንቺው ጽፈሽልኛል። ታመመ፣ መንገድ ዘጋው ብለሽ አትሸፍኚልኝ፤ ተሳስቶ ስሕተቱን እያረመ ነው በያት። ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ቁጣዋ ሲበርድ ይህችን ቃል አንብቢላት፦ እማዬ፣ ዓይንሽን ለእኔ ብለሽ አታቆዪው። መጀመሪያ አጠገብሽ ያሉትን እዪ፤ የእትዬን ፊት፣ የልጅ ልጆችሽን ቁመት። እኔ ስመጣ ደግሞ አጥርተሽ አይተሽ «እንዴት ነው የከሳኸው!» ብለሽ ተቆጪኝ።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ መድኃኒታቸውን እንዳይዘሉ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ። ታናሿ የላከችልኝን ጥያቄ በሙሉ አንብቤአለሁ፤ አዎ፣ ሥዕል እየሣሉ ደመወዝ የሚበሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ በያት። አንቺን ጉንጭሽን ስሜ አልጠግብም። እማዬ እሺ ያለች ዕለት የቀጠሮውን ቀን በአንዲት መስመር ላኪልኝ፤ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት ፲፮ ቀን