ስንዴው ቆሞ ባቄላው ሲሞት

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ በላቸው፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው። የሠርጋችንን ቀን ቁረጪ ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። አላገባህም። ምክንያቱን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስማው።

ነሐሴ ላይ ለግብርና ሥራ ተልከን ኩታበር አብረን ነበርን። የአምራቾች ማኅበሩ ስንዴና ባቄላ ጎን ለጎን ዘርቶ፣ ከዚያ ክፉ ድርቅ የተረፈው ሰው ሁሉ እሸቱን ይጠብቅ ነበር። ካድሬው ጎብኚ ስለሚመጣ አረም እንዳይታይ፣ ማሳው በሙሉ ቱፎርዲ ይረጭ አለ። ይህ የአረም መድኃኒት ባቄላ እንደሚገድል ለገበሬዎቹ ያስተማርካቸው አንተው ነህ። ከገበሬዎቹ አንዱ አባ ኑርሁሴን መርጫውን እንዳዘሉ «ልጄ፣ ባቄላውንም?» ሲሉህ፣ ካድሬውን ሰረቅ አድርገህ አየህና «ይርጩት» አልካቸው።

ባቄላው ተጠማዞ ወደቀ። አባ ኑርሁሴን በአሻጥር ተከሰው ደሴ ታሰሩ። ጉዳዩን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ስትጠየቅ «መድኃኒቱን አብዝተው በጥብጠውት ነው» አልክ። ድምፅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አጠገብህ ተቀምጬ ነበር፤ ክንድህ ሲነካኝ ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። «ስንዴ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ለውጠው መርዝነቱን ያከሽፉለታል። ባቄላ ያን ያህል አቅም ስለሌለው ይሞታል። ሁለቱም የተረጩት ከአንድ በርሜል ነው። በዝቶ ቢሆን ስንዴውም በተጎዳ ነበር፤ ሄዳችሁ እዩት» አልኩ።

ሰብሳቢው ወደ አንተ ዞሮ «ጓድ በላቸው፣ እውነት ነው?» አለህ።

«እሱ የመጽሐፍ ወሬ ነው» አልክ።

ያ የመጽሐፍ ወሬ ያልከው እንጀራህ ነው።

ሄደው አዩት። ስንዴው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አባ ኑርሁሴን ተፈቱ፤ ካድሬውን የጠየቀው ግን የለም። እኔን መጋዘን ጥበቃ አዛወሩኝ፤ አንተ የክፍል ኃላፊ ሆንክ።

ባለፈው ሰኞ አባ ኑርሁሴን ከባለቤታቸው ከእቴ ዘይቱና ጋር ሊያመሰግኑኝ መጡ። ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ዱዓ አድርገውልኝ ከጨረሱ በኋላ ቀስ ብለው «ያ ልጅ ግን ምን በድዬው ነው? ወላሂ፣ መድኃኒቱ የተረጨ ዕለት ቤቴ በልቶ ነው የወጣ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ፈርቶ ነው እንዳልል፣ ሁላችንም ፈርተን ነበር።

ቀለበትህን ለእህትህ ለትርፌ ሰጥቻታለሁ። ወደ መሥሪያ ቤቴ እንዳትመጣ። ኩታበር ሄደህ ለእሳቸው ጥያቄ አንተው መልስ ስጥ።

አልታየች