የሙከራው ፕሮግራምና የእኛ ቀን

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 1978

ማሽኑ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም አለ። የመሥሪያ ቤታችን ትልቁ ኮምፒዩተር ጠዋት ሲከፈት ቀኑን የሚያስገቡለት እትዬ አየለች ናቸው፤ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሥራ በእኛ አቆጣጠር። «ጳጉሜን አይወድም። እስከ እንቁጣጣሽ ነሐሴ 30 እያልን እናታልለዋለን» ብለው ሳቁ። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም፤ የፈረንጁን ቀን አስገባሁለት። የመድኃኒት ማከፋፈያው ፕሮግራም ወዲያው ቆመ። የሙከራ ጊዜው አልቋል አለን።

ለካ ካለቀ ከርሟል! ፕሮግራሙ ከውጭ በቴፕ የመጣልን ለሙከራ ነው። በእኛ ቀን ስለምናሠራው ግን ገና በፈረንጅ 1978 ላይ ያለ ይመስለዋል።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ታደሰ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። «ስምንት ዓመት በነፃ! ምን ያለ ካላንደር ነው ያለን!» ነሐሴ 30 ብለን መለስነው፣ ሠራ። የወባ ኪኒን የጫነው ወደ ቆላ የሚወርደው መኪና ከቀትር በፊት ወጣ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

እሑድ

ዝናብ። ትናንት ስመለስ የመካኒሳ ጭቃ ጫማዬን ነጥቆኝ ነበር። ከቤት አልወጣሁም።

የፕሮግራሙን ውል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ ብቻ። በዚህ ማሽን ብቻ። ለእውነተኛ ሥራ አይውልም። ለሚደርስ ጉዳት አንጠየቅም። ያኔ የፈረንጅ ንፍገት ነው ብዬ አልፌው ነበር። እኛም ገና በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛ ሥራ ጀመርንበት። አሁን ያለ እሱ መሥራት ጠፍቶናል።

ለአከራዬ ለእማማ ጫልቱ ነገርኳቸው። በሀና ማርያም በኩል ገና መሬት ያርሳሉ። «በሬ ስገዛ አንድ ቀን ጠምጄ አየዋለሁ። ሳልገዛው ግን እርሻዬን ሁሉ በሱ ተማምኜ የራሴን በሬ አልሸጥም» አሉኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለታቸው ነው። እኛ በሬያችንን ሸጠናል፤ ድሮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን በካርቶን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፣ ፕሮግራሙ ሲመጣ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ።

ሰኞ

መጋዘን ወረድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የእማማ ጫልቱ ነገር ሳይከነክነኝ አልቀረም። የወባ ኪኒን ካርቶን ላይ የማብቂያው ዓመት ታትሟል፤ 1985። የፈረንጅ ነው፣ አልፏል። ፕሮግራሙ ያወጣው ዝርዝር ግን «ደህና» ይላል።

ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የሚለየው ያው ፕሮግራም ነው፣ የሚለየውም በምናስገባለት ቀን። በእኛ ቀን ሲሠራ ሁሉም መድኃኒት ገና ለጋ ነው። እውነተኛውን ቀን ስንነግረው ደግሞ ውሉ አልቋልና አይሠራም። ከዋሸነው ይሠራል፣ ግን አያይም።

ለጓድ ታደሰ ነገርኩት። «በበዓል መዳረሻ ጭነት ይቁም ትያለሽ? አሻጥር እንደሚባል ገብቶሻል?» ገብቶኛል። በአሻጥር ስሙ የተነሣ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ምሳ አልበላሁም። ፈርቻለሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

የቅዳሜው መኪና የመጨረሻ መድረሻው ሙሉ የምትባለው እህቴ የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ረዳት ናት። እዚያ ክረምት ሲወጣ ወባ እንዴት እንደሚነሣ ጽፋልኝ ታውቃለች። ልጆቹን በስም ነው የምትጠራቸው።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ተሸክሜ የጓድ ታደሰ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ዓመቱ ወደሱ እንዲሆን አዞርኩት። እትዬ አየለች ሳልጠራቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጓድ ታደሰ ዓመቱን ደጋግሞ አነበበው።

«ከዚህ የሄደ አለ?»

«የቅዳሜው።»

መነጽሩን አወለቀ። «በሉ አቁሙ። እኔ እጠየቃለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይመስለኝም ነበር።

ረቡዕ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

እትዬ አየለች የፈረንጁን ቀን አስገቡ። ፕሮግራሙ ቆመ፣ ማንም አልሳቀም። የተዛወሩት የመጋዘን ሰዎች ተጠርተው መጡ። ጓድ ታደሰ ሳይቀር ኮቱን አውልቆ ካርቶን ሲያገላብጥ ዋለ። የተበላሸው ለብቻ ተከመረ፤ ደግነቱ ደህናው ይበልጣል። ሁለተኛው መኪና ደህናውን ጭኖ ከበዓሉ በፊት ወጣ።

የቅዳሜው መኪና ለሚደርስባቸው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ስልክ አስደወልን። የእህቴ የሙሉ መስመር እስኪገኝ ከሰዓት በኋላው ተጋመሰ።

«ኪኒኑን እንዳትሰጪ! ጊዜው አልፎበታል» አልኳት።

«እታለም፣ ዛሬ ጠዋት ለአንዲት እናት ሰጠሁ። ልጇ አተኩሶት ነበር። ቤቷን አውቀዋለሁ፣ ከወንዙ ማዶ ነው።»

«ወንዙ ሞልቶ ይሆናል ሙሉዬ» ስላት ከቀድሞው ጭነት የተረፈ ደህና ኪኒን ይኖር እንደሆነ አጠገቧ ያለ ሰው ስትጠይቅ ሰማኋት። «አለ» አላት። ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እዚያ የሚዘንበውን ዝናብ እየሰማሁ ቆየሁ።