ማርያም የሳመቻት ሶስና

ደሳለኝ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ሰነበትን። ተዝካርህ ላይ ሰው ሁሉ «እንዲያ ያለ አዋቂ!» እያለ ከንፈሩን መጠጠልህ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔን ግን ያድርገኝ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ዛሬም ሲካዳ የምትላቸው ነፍሳትህ ሞልተውታል፤ ቀሐ ወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ተለጥፈው ጆሮ ሲያደነቁሩ እየለቀምክ፣ በመርፌ እየወጋህ ሳጥን ውስጥ የደረደርካቸው። የልጆቻችንን ፎቶ የምሰቅልበት ቦታ እንኳ አላስተረፍክልኝም። ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦችህ ሳጥኖቹን ሊወስዱ መጡ። እሰይ ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ሶስና ግን አባዬን አታስወጡብኝ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

እነዚያ የሚመሳሰሉት ሁለቱ ሲካዳዎች ትዝ ይሉሃል? ለእኔ ያው አንድ ናቸው። አንተ እንግዳ ፊት ትቆጣኝ ነበር። «ምነው፣ ዓይን የለሽም? ትከሻዋን እያት እንጂ! ይቺ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለባት፤ ያቺ የለባትም፣ ክንፏ ነው ጫፉ ላይ ቡናማ የሆነው።» ባለ ነጥቧን ፍለጋ አይከል ድረስ ወርደህ ስትከርም እኔ ሁለት ሕፃን ታቅፌ ነበር።

መንታ ልጆችህን የምትለያቸው በማተባቸው ነበር። ክርስትና ሲነሱ ለሶስና ቀይ፣ ለሰናይት አረንጓዴ ክር ያሰርነው ዘመድ እንዳይሳሳት ብለን ነው፤ አባታቸው ይሳሳታል ብሎ ማን አሰበ? አድገው ሁለቱም ጥቁር ሲያስሩ ጠፉብህ። ሶስናን ከግራ ጆሮዋ ሥር ማርያም ስማታለች። ከሲካዳህ ነጥብ ይተልቃል እኮ! አንድ ቀን ጎንበስ ብለህ ብታያት ምን ነበረበት?

ሆስፒታል የመጨረሻህ ቀን አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ክር አየህና በግምት «ሰናይትዬ» አልካት። ሶስና ነበረች። ስታገላብጥህ፣ ስታጎርስህ የከረመችው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ አየችኝና «አቤት አባዬ» አለችህ። አንተ ደስ ብሎህ ሄድክ። ልጄ በእህቷ ስም ተሰናበተችህ።

ትናንት ሳጥኖችህን አውርዳ አቧራቸውን ስትጠርግ አገኘኋት። አንዷን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ፣ ባለ ነጥቧ ይቺ ናት፣ አባዬ በጣም ይወዳት ነበር አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ሳጥኖቹን አልሰጥም፤ ለአንተ ብዬ ግን እንዳይመስልህ። እረሳሃለሁ ብለህም አትስጋ። የልጄ «አቤት» ከጆሮዬ እስኪወጣ ድረስ፣ ደሳለኝ፣ አልረሳህም።

ባለቤትህ