ዘንድሮ ግንዱን ስናቅፍ

ልጄ ሬሚ፣ በዚያ በበረዶ አገር ሰላምታዬ ሳይበርድ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የሉዊዚያና ሙቀትም እንደ ልማዱ ነው።

የኦክ ዛፋችን ጉድ ሆኗል። በተጋባን ማግስት አባትህ በጣሳ ያበቀለው ችግኝ፣ ዛሬ ቅርንጫፎቹ መሬት ነክተው እንደገና ወደ ላይ ይነሣሉ። እኩለ ቀን ላይ ሥሩ ስትቆም ቤተ ክርስቲያን የገባህ ይመስልሃል፤ ሳታስበው ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ። «ጥላው ሳይደርስ አንተ ትደርቃለህ» እያለ አባትህን ሲያበሽቅ የኖረው ጎረቤታችን ቴዎፊል እንኳ አሁን ወንበሩን ይዞ ይመጣል።

እሑድ የጋብቻችን ቀን ስለነበር፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው ግንዱን እኔ ከወዲህ እሱ ከወዲያ አቀፍነው። ዘንድሮ ጣቶቻችን አልተገናኙም።

«አየሽ ኦዲል፣ እንዴት እንደወፈረ» አለኝ በኩራት።

«አዎ፣ ወፍሯል» አልኩት። ሱሪው ስለሰፋው ቀበቶው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ የበሳሁለት በዚያው ጠዋት ነበር። የሚወደውን ወጥ፣ የሽሪምፕ ጋምቦ፣ ሠርቼለትም፣ ደብቆ ለቴዎፊል ውሻ ሲሰጥ አየሁት።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ከዚያ በፊት፣ በመከር የኦኩ ፍሬ ሳይረግፍ ብትመጣ ግን፣ ክንድህ ረጅም ስለሆነ፣ ለሦስት ስናቅፈው ጣቶቻችን ይገናኙ ነበር።

አባትህ ከጥላው ሥር ሆኖ ሰላም ይልሃል። «አይቸኩል በይው» ብሎኛል፤ እኔ ግን አልልህም።

የምትሳሳልህ እናትህ ኦዲል