ቤታችን የነበረበት ቦታ

ጥቅምት 3

ጠዋት አንድ ክሊኒክ ሄጄ የተቃጠለ የመብራት ብሬከር ቀየርኩ። ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ቤት... ማንም ሳይነካው የሚጮህ የበር ደወል። "ሰይጣን ገብቶበታል" አለችኝ። "ውሃ ነው የገባበት" አልኳት። ቅር አላት። ሰይጣን ቢሆን ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ማታ ስገባ እማ ጫማዋን ታራግፋለች። ዛሬም ባዶው ቦታ ውላለች። አቧራው እስከ ጉልበቷ።

"ዛሬስ ማን መጣ?" አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

"ማንም። ሻምበል ጥርሱን አሞት ሲያቃስት ዋለ።"

ሻምበል የባዶው ቦታ ዘበኛ ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ድመት ሲያባርር እንኳ ጦር እንደሚመራ ስለሚጮህ ነው ሻምበል የተባለው። ባዶው ቦታ ደግሞ... ቤታችን የነበረበት። ከፈረሰ አሥራ አንድ ዓመቱ። መሃል ከተማ ላይ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ አረም በቅሎበት። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ እንዲህ ያሉ ባዶ ቦታዎች ስድስት ናቸው።

እማ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዳ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እስኪመሽ። ታናሽ ወንድሜ ከሄደ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የሄደው ቤቱ ሳይፈርስ ነው። የአሁኑን ቤታችንን አያውቀውም። "ልጄ ቢመጣ የሚመጣው እዚያ ነው" ትላለች።

ትዕግሥቷ ይገርመኛል? ወይስ ያስፈራኛል?

ጥቅምት 19

አጥሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቀለ። ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ። ሥዕሉ ላይ ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመው ይስቃሉ፣ ሁሉም ወጣት።

እማ ረጅም ጊዜ አየችው። "እዚህ ቤት ሽማግሌ አይገባም እንዴ?" አለች። ሻምበል ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ደግሞ፦ "በሩ በየት በኩል ነው የሚሆነው?"

"የቱ በር?"

"የፎቁ በር ነዋ። ሰው ሲመጣ የት ቆሞ ነው የሚያንኳኳው?"

ሥዕሉ ላይ በሩን ፈለግኩ።

ኅዳር 6

ቆፋሪው ስካቫተር ገባ። አብሬያት ቆምኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። መጀመሪያ አረሙ፣ ከዚያ ቀይ አፈር፣ ከዚያ የወጥ ቤታችን ወለል። አረንጓዴው የሲሚንቶ ሊሾ! አባቴ በእጁ ያፈሰሰው። ተሰባብሮ መኪና ላይ ተጫነ።

"እስኪደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ማናችንንም አላስረገጠንም" አለች።

ወንድሜ ግን ረግጦታል። አምስት ዓመቱ ነበር። የእግሩ ምልክት ጥግ ላይ ቀርቶ ነበር። እሷ አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም።

ኅዳር 7

ዛሬም ሄደች።

ሐምሌ 14

ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ? በዚያው ፎቅ ላይ ተቀጥሬያለሁ ብዬ?

ተቀጥሬያለሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈለጋል አሉ፣ ሄድኩ። ለእማ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። "ጎሽ! እንግዲያ ልጄ ሲመጣ እኔ ባልኖር አንተ ታየዋለህ" አለች።

ስድስተኛው ፎቅ ላይ ደርሰናል። የወለሉ ሶሌታ በኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የገመዱን ቱቦ ብረቱ መሃል እየዘረጋን እናስራለን። አንዴ ሲሚንቶ ከወረደበት በኋላ ማንም አያየው፣ ማንም አያርመው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ። ፎርማኑ "አንተ ሰው፣ ሚስት ልትመርጥ ነው?" ይለኛል።

ለምን ሁለት ጊዜ እንደምፈትሽ አያውቅም።

ሐምሌ 20

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ወንድሜን ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ጭራሮ ነበር የምንለው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አብሮኝ ይሠራ ነበር። የአንድ ቤት መስመር ብቻውን ዘረጋ። አንዱን መጋጠሚያ ሳያጠብቅ ዘጋው። በሳምንቱ ቤቱ ተቃጠለ። ሰው አልሞተም። የባለቤቱ ትንሽ ልጅ ግን እጇ ተቃጠለ።

በደጃፋችን ቆሜ፦ "ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትታየኝ። እማም እንዳንተ ያለ ልጅ አትፈልግም" አልኩት። እማ ቤት አልነበረችም። ይህን አላለችም። እኔ ነኝ በእሷ አፍ የተናገርኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ደግሞ እኮ... ልፈትሸው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። "አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" ብዬ ለባለቤቱ ቁልፍ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም ነበር።

ለእማ "ሥራ አግኝቶ ሩቅ ሄደ፣ ይመለሳል" አልኳት። በዓመቱ የስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ። ጠፍቶብኝ አልነበረም።

መስከረም 22

ከዘጠነኛው ፎቅ ብሎኬት ወደቀ። ከእማ ሁለት ክንድ ርቆ። ስወርድ ፊቷ በሙሉ ነጭ አቧራ ሆኖ ተቀምጣለች። "አልነካኝም፣ አትጩህ" ትለኛለች። የምጮኸው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ፎርማኑ ወደ ጎን ወሰደኝ። "ወንድሜ፣ እናትህን ያዝ። ነገ አናቷ ላይ ቢያርፍስ? እኔ እንቅልፍ የለኝም እኮ።"

ሻምበልም ከነሐሴ ጀምሮ የለም፤ በሌሎች ጥበቃዎች ተክተውታል። የሚያጫውታት ሰው እንኳ የላትም።

ማታ ነገርኳት። ሁለተኛ እንዳትሄድ።

ጫማዋን አልጋ ሥር ከተተችው። ከዚያ፦ "ለጥበቃዎቹ ንገራቸው። እኔን የሚፈልግ ሰው ከመጣ ቤቱን ያሳዩት።"

"እሺ።"

"ነገውኑ ንገራቸው።"

"እሺ አልኩ እኮ እማ!"

ጥቅምት 2

አልነገርኳቸውም። በሩ ጋ ስደርስ ሰላም ብያቸው አልፋለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የጠፋ ሰው ይመጣል ልበላቸው? ይስቁብኛል። ነገ።

ጥቅምት 24

እማ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። "ምን ታያለሽ?" ብላት "ግድግዳ" አለችኝ። ምግብ ቀንሳለች። ስትነሳ ጉልበቷ ይንቋቋል።

ነግሬያቸዋለሁ ብያታለሁ።

ኅዳር 13

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንደኛው ጥበቃ እየሳቀ መጣ። "ጋሼ፣ ትናንት ደግሞ አንዱ መጥቶ የእናቴን ቤት የት አደረሳችሁት አይለኝም መሰለህ!"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ! እዚህ ጋ የእናቴ ቤት ነበር ነው የሚለው። ሰክሯል ብዬ ነበር... ግን ልጅ ይዟል። ትንሽ ሴት ልጅ።"

"ምን አልከው?"

"ዞር በል፣ ከላይ ዕቃ ይወድቃል አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?"

"ቀጭን ነው?"

"እንደ ሽቦ።" ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ጠፋ። "ጋሼ... ታውቀዋለህ እንዴ?"

ከመንገዱ ማዶ ብዙ ቆመ አለኝ። ልጅቷን አቅፎ ፎቁን በጣቱ ያሳያት ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ።

አሥር ሰዓት ላይ እኔ የት ነበርኩ? እዚያው። አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ገመድ እጎትት ነበር። ቁልቁል አንድ ጊዜ ባይ... እማ በቦታዋ ብትኖር... ለጥበቃዎቹ አንድ ቃል ብናገር። አንድ ቃል!

ኅዳር 16

መናኸሪያውን፣ አልጋ ቤቶቹን፣ ምግብ ቤቶቹን ዞርኩ። "ቀጭን፣ ልጅ የያዘ።" ስንት ቀጭን አለ ልጅ የያዘ!

ዛሬ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፦ "ጭራሮ፣ እናትህ በሕይወት አለች። ደውል።" ከሥሩ ቁጥሬን። ፎርማኑ መጥቶ ቆመ። አጥር ማበላሸት ክልክል ነው ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አነበበው። "ይህ ቀለም በዝናብ ይለቃል። ግምጃ ቤት የዘይት ቀለም አለ፣ በሱ ድገመው" አለኝና ሄደ።

ኅዳር 18

ነገርኳት። ሁሉንም። የእሳቱን፣ ደጃፍ ላይ ያልኩትን፣ በእሷ ስም ያልኩትን። ለጥበቃዎቹ አለመንገሬን። የመጣውን ሰው።

መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ልጅቷ ስንት ዓመት ይሆናታል አለ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ጠይቀው።"

ተነስታ ወደ መኝታዋ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "አሥራ አምስት ዓመት ከኔ ጋር በአንድ ሰሃን በላህ። ጉሮሮህን አላነቀህም?"

ኅዳር 19

አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይሆናታል አለ ጥበቃው። ለእማ ነገርኳት። ሰምታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ኅዳር 27

ራቴን ታስቀምጥልኛለች፣ ቃል የለም። ብትሰድበኝ... ብትረግመኝ እንኳ።

ታኅሣሥ 9

አሥራ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር።

"ሄሎ?"

"እማ አለች?"

ድምፁ ወፍሯል። ግን እሱ ነው። መሰላሉን ይዤ ተቀመጥኩ።

"አለች። ወንድሜ... እኔ..."

"ስጣት።"

"ሥራ ላይ ነኝ። አሁን ወርጄ እሮጣለሁ። አትዝጋው።"

"እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው።

አሥራ ስድስት ፎቅ በደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። እቤት ስደርስ እንደገና ደወለ። ስልኩን ለእማ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ "ልጄ፣ ከሳህ?" አለች።

በስልክ ክሳት ይታያል? ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የኔ ቦታ እዚያ አልነበረም።

ታኅሣሥ 11

እማ በአጭሩ ነገረችኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ይርቃል። ያን ቀን ጭነት አድርሶ፣ አያቷን ላሳያት ብሎ ልጁን ይዞ ነው የመጣው። በዚህ ወር ሌላ ጭነት ይዞ ሲመለስ ነው አጥሩን ያነበበው።

"እኔንስ ጠየቀሽ?" አልኳት።

ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

ታኅሣሥ 28

ልትሄድ ነው። እሱ ጋ። ለመጠየቅ አይደለም፣ ልትኖር።

ጥር 4

አውቶብስ ተራ አደረስኳት። አንድ ሻንጣ ብቻ። እሱ "መጥቼ ልውሰድሽ" ሲላት በስልክ እምቢ ስትለው ሰምቻለሁ... ፊት ለፊት እንዳንገናኝ ይሆን? ለማን ብላ? ለኔ ወይስ ለሱ?

መቀመጫዋን አስተካከልኩላት። አውቶብሱ ሞተር ሲያስነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ ብዬህ ልሄድ ነበር" አለች። "ሌሊቱን ሁሉ ስለማመደው አደርኩ። አፌ እምቢ አለኝ።"

"ግድ የለም እማ።"

"ግድ አለው እንጂ። ወንድምህም ገና ነው። አታስቸግረው።" እጄን ሳትለቅ፦ "ደውልልኝ ግን።"

ረዳቱ "ሸኚ ውረድ!" እያለ ጮኸ። ወረድኩ። እንባዬን የሚያይ ሰው እንዳይኖር ብዬ ዞር ስል ሰው በሙሉ ያለቅሳል። መናኸሪያ አይደል? ማንም አላየኝም።

ጥር 20

ዛሬ እስከ አሥረኛው ፎቅ መብራት ለቀቅን። አንድም አምፖል እምቢ አላለም። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፣ ፎርማኑ ትከሻዬን መታኝ። ከላይ ሆኜ መንገዱን አየሁ፣ ግራና ቀኝ። ስድስቱም ባዶ ቦታዎች የሉም። ሁሉም ላይ ክሬን ቆሟል።

ቆንጆ ፎቅ ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ቆንጆ ነው።

ጥር 27

ሦስት ሳምንት ፈርቼ ዛሬ ደወልኩ። የቤት ስልክ ነው የሰጠችኝ።

ትንሽ ልጅ አነሳችው። "ሄሎ! ማን ልበል?"

እሷ ናት። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። "የ... የአባትሽ ወንድም ነኝ" አልኳት።

አሰበች። ስታስብ ይሰማኝ ነበር።

"አባቴ ወንድም የለውም እኮ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም። የተሳሳትኩ መስሏት፣ ልታርመኝ።

"ይሁን" አልኳት። "አያትሽን ጥሪልኝ። የምታውቀው ሰው ነው በያት።"

ስልኩን አስቀምጣ ሮጠች። ከወዲያ ሳቅ ይሰማል፣ የሰሃን ድምፅ፣ የወንድ ድምፅ። ምሳ ላይ ነበሩ። ከዚያ የእማ እርምጃ፣ ቀስ ያለው።

"በላህ?" አለችኝ።

"በልቻለሁ" አልኳት።

ሁለታችንም ሌላ የምንለው አልነበረንም። ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም።