ለዋልተር የዘገየው መርዶ

ግርምዬ፣ የኔ ሳቂታ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም የነርሲንግ ሆሙን፣ አረጋውያን የማስታምምበትን ሥራ አልተውኩም። ልጅህ ሄለን መንጃ ፈቃድ አወጣች። በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ መሪ ስትጨብጥ ግን ቁርጥ አንተን ናት፣ አንገቷን ወደፊት አስግጋ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሆስፒታልህ ነው። ማፍረስ ጀመሩ።

አገር ቤት ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሆስፒታል ይሠራል ስል ሰዉ ዶክተር አድርጎህ ቀረ። የተዘጋ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ አንድ በሽተኛ የሌለበት፣ አንተ ደግሞ የቀን ጥበቃው እንደሆንክ የት ያውቃሉ! መጀመሪያ ምሳ ይዤልህ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ማለቂያ የሌለው ኮሪደር፣ ተላልጦ ወለሉ ላይ የረገፈ አረንጓዴ ቀለም፣ መስኮቱ ሥር ወንበሮቹ ክብ ሠርተው እንደተቀመጡ። እግሬ አውጪኝ ልል ነበር። አንተ ግን እያንዳንዱን ክፍል ከመክፈትህ በፊት ታንኳኳለህ። ማንን ነው የምታንኳኳው ብልህ፣ የሰው ቤት ነበር እኮ፣ ዘው አይባልም አልከኝ። አይ አንተ! ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ዋልተርን ያስተዋወቅኸኝም ያን ዕለት ነው። ሠላሳ ዓመት እዚያ ታክሞ፣ ሲዘጋ ሕሙማን በጋራ የሚኖሩበት ግሩፕ ሆም የገባ ሰው። በየቀኑ ግን በአውቶቡስ ተመልሶ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣል። ሌላው ጥበቃ ሲያባርረው አንተ ምሳህን ታካፍለው ነበር። ሽሮ አስለመድከውና አረፍከው።

ልብህ ድንገት ቀጥ ያለ ጊዜ፣ ከቀብርህ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ልነግረው ሄድኩ። ግርማስ? አለኝ። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ኖሮ ነው እንጂ፣ ብቸኛ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በጠራራ ፀሐይ! እናቱን ሊጠይቅ አገር ቤት ሄዷል አልኩትና ተገላገልኩ።

ምን ተገላገልኩ! በየቅዳሜው፣ ከግርማ ምን ወሬ አለ? ይለኛል። እኔም ውሸቴን እቀጥላለሁ። አወፈርኩህ። ላም ገዛሁልህ፤ ላሟም ወለደች። በአጥር ምክንያት ከጎረቤት አጣልቼ አስታረቅኩህ። ዋልተር ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እኔም አብሬው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቃት ያቺን ሰዓት ነበር። ቤቴ ስገባ ግን በራሴ አፍራለሁ። ወዳጅህን እያታለልኩት ነው፤ አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ምን ይውጠዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ግቢው ታጥሯል፤ ማሽኑ ግድግዳውን ይንደዋል። አግዳሚው የለም፣ ዋልተርም የለም። አሁን ካልነገርኩት መቼ ልነግረው ነው? ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ በቀለ ኮል አድርጌ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። አንቺ ልጅ ጉድ አፈላሽ ብለው ተቆጡኝ። ቀጠሉና፣ በይ እንግዲህ በወጉ እናርዳው አሉ።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ግሩፕ ሆሙ በር ላይ ተሰለፍን። የቤቱ ሠራተኛ ፖሊስ ልትጠራ ምንም አልቀራት፤ ሄለን በእንግሊዝኛ አስረድታ ነው ያስገባችን። ዋልተር ፒጃማውን እንደለበሰ ወጣ። ሁላችንንም አየ። ወንበር ሳበና እኔን አስቀመጠኝ። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

ያውቅ ነበር ግርምዬ! በሞትክ ማግስት ያንተ ተተኪ ነግሮታል። ዓመት ሙሉ እያወቀ! ታዲያ ለምንድን ነው ስትጠይቀኝ የኖርከው አልኩት፤ ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። ስለ እሱ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል፤ ሌላ የሚጠይቅሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም አለኝ።

እውነቱን ነው። ለቅሶው ካለፈ ወዲህ፣ እንዳላለቅስ ብለው፣ ስምህን የሚያነሳብኝ አልነበረም። እኔም ይኼን ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም። ያኔ እዬዬ አልኩ፤ ለማጽናናት የመጡት ጋሽ በቀለም ከኔ ብሰው ተንሰቀሰቁ፣ ዋልተር ሶፍት ያዞር ጀመር። ከዚያ የዋሸሁልህን ላም እያነሳን፣ እየሳቅን፣ ሁላችንም አንድ ላይ ቁርስ በላን። በዕድሜዬ እንዲህ የተሳቀበት መርዶ አላየሁም።

ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ዋልተር ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ሄለን ነድታ ታመጣዋለች። ውሸት አበቃ። ማንኮራፋትህን፣ ግትርነትህን፣ በበረዶ ላይ መራመድ የተማርክበትን ክረምት፣ እንዳለ አንተኑ አወራለታለሁ። አልረሳህም የኔ ጌታ። ልርሳህ ብልም የሚጠይቀኝ ሰው አለኝ።

ያንተው አልማዝ